ቀያዮቹ በገንዳው ራስ

ሰኔ 12 ቀን

ለተከበሩት ለጋሼ፣

ባሉበት ሰላምና ጤና አይለይዎት። እኔ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ። ብርዱንም ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ስለሚሆን አልልም።

የምጽፍልዎት ለቁም ነገር ነውና አይሳቁብኝ። የመጨረሻው ጥናቴ ርዕስ ጸደቀልኝ። ከሐይቅ ወደ ወንዝ ሽቅብ እየወጣ እንቁላል የሚጥል ዓሣ፣ እንቁላሉ መቅላቱ ለመፈልፈል ይጠቅመዋል ወይ የሚል ነው። በልጅነቴ የማራቢያ ጣቢያው በር ላይ አስቀምጠውኝ «እንቁላል ማለት ቀዩ ነው፣ ገርጣው ውሃ ነው» ይሉኝ አልነበረም? እዚህ ትልልቅ ሰዎች መነጽር አድርገው ይከራከሩበታል። ቀለሙ ካሮቲኖይድ ይባላል፤ ካሮትንም ካሮት ያስመሰለው እሱ ነው። ዓሣዋ ራሷ አትሠራውም፤ ከምትበላቸው ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ታገኘዋለች።

እዚህ ያሉን ዓሦች በኩሬ ያደጉ ናቸው፤ መንገድ አያውቁም። ሽቅብ የሚዋኘው ያለው እርስዎ ጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ክረምት ለእያንዳንዷ እናት ዓሣ ሁለት ነገር ይመዝግቡልኝ፤ የእንቁላሏ ቀለም በዚያ ከቀለም ሱቅ ባገኙት ካርድ ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ከመቶው ደግሞ ስንቱ እንደተፈለፈለ። ከእያንዳንዷም ጥቂት እንቁላል በአልኮል አድርገው በትንንሽ ጠርሙስ ይላኩልኝ። ቁጥሩ ካልመጣ ጥናት የለም፤ ጥናት ከሌለ ምረቃ የለም። ነገሬ በእርስዎ እጅ ነው።

የእናቴ ጉልበት እንዴት ሆነ? ለእኔ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የምትለኝ።

የምትወድዎት፣
ቁንጫ


ሐምሌ 5 ቀን

ከአገር አገር ለዘለለችው ለቁንጫዬ፣

ፈጣሪ ብርዱን ከአጥንትሽ ያርቅልሽ፣ እግርሽንም ሙቀት ያለበት ቤት ያግባልሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ከዚያ ለመረብ ሰፊዋ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መረብ ሰፊዋን ታስታውሻታለሽ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርታ አንድ ቀን እንኳ «ልክ ነህ» ብላኝ የማታውቀዋ።

«አየሽ? የእኔ አባባል ዩኒቨርሲቲ ገባ» አልኳት።

«አባባልህ ይግባ። አንተን ግን በር ላይ ይመልሱሃል» አለችኝ።

«ዓሣዋ ካሮት ትበላለች ማለት ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ በቢላ ከትፋ።»

ወንዙ ሞልቷል፤ ዓሦቹም መውጣት ጀምረዋል። ሥራው አንቺ የምታውቂው ነው። እናቲቱን ከወጥመዱ አውጥቼ በእርጥብ ፎጣ እይዛታለሁ፣ በአውራ ጣቴ ሆዷን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጌ ስገፋው እንቁላሉ ወደ ሳህኑ ይፈስሳል። ካርዱን ከጎኑ አደርጋለሁ። ካርዱም ያው ነው፤ ቀለም ሻጩ የሰጠኝ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር የጻፍኩበት። አንድ ቁጥር የሆስፒታል ግድግዳ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር የበሰለ ቲማቲም። ዘጠኝ ቁጥር ስትገጥመኝ እንደ ሙሽራ ነው የማስተናግዳት፤ ቦታዋን አሳምሬ፣ ውሃዋን አሳምሬ። አንድና ሁለት ቁጥሮቹን እስከ ዛሬ ለዳክዬዎቹ ነበር የምሰጣቸው። አሁን ላንቺ ስል እነሱንም እንቁላል በሚፈለፈልበት ገንዳ ወንፊት ላይ አሰፍራለሁ። ዳክዬዎቹ ቢያኮርፉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

እናትሽ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ትሰድበዋለች፣ ስትወርድ ትመርቀዋለች። ከዚህ የተለየ ነገር የለም።

እኔም አንድ ነገር ልለምንሽ። የጎማ ቦት፣ ቁጥር 44። የቀኙ ቦቴ ተቀዶ ውሃ ያስገባል፤ ዓሣም ተከትሎ ሊገባ ምንም አልቀረው።

አጎትሽ፣ ዲግሪ የሌለው ባለሙያ


መስከረም 25 ቀን

ለቁንጫዬ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ፖስተኛሽም እግሩ ይፍጠን። መልስሽ ባይደርሰኝም ሥራው ስላለቀ ልጽፍልሽ ወደድኩ። ሃያ አራት እናቶች፣ ሃያ አራት ጠርሙስ። ዝርዝሩ በአባሪው ወረቀት ላይ አለ፤ ላንቺ ግን ባጭሩ ልንገርሽ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቁጥር ያሉት ቀያዮች ከመቶው ዘጠና ገደማ ተፈልፍለዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ገርጣዎች አርባም አልሞሉ። አላልኩም? ሃያ ሁለት ዓመት ስናገር የሰማኝ ዳክዬ ብቻ ነው።

ጠርሙሶቹን ለመላክ ግን ከፖስታ ቤት ጸሐፊው ጋር ሙግት ገጠምኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«እንቁላል።»

«የምን እንቁላል?»

«የዓሣ።»

«ይሰበራል?»

«አይሰበርም። ብቻ ጠርሙሱ ከሞቀ ክዳኑ ሊፈነዳ ይችላል።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሰውየው ወንበሩን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ኃላፊው መጣ፣ የኃላፊው ኃላፊ መጣ፣ ሦስቱም ጠርሙሱን ከሩቅ አዩት። በመጨረሻ አንዱን ከፍቼ አሸተትኩላቸው። «የናሙና ዕቃ» የሚል ማኅተም መቱልኝና ሸኙኝ። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ጸሐፊው ከመቀመጫው ይነሣልኛል፤ ያክብረኝ ወይ ይፍራኝ አላውቅም።

ቦቱን አትርሺ።

አጎትሽ


ኅዳር 8 ቀን

ለምወድዎት ለጋሼ፣

ደስታ ከደጅዎ አይራቅ፤ እኔን ደስ እንዳሰኙኝ ፈጣሪ እርስዎን ደስ ያሰኝዎት። ሃያ አራቱም ጠርሙሶች በደህና ደረሱ። በመሣሪያ ለካኋቸው። የእርስዎ የቀለም ሱቅ ካርድ ከመሣሪያው ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ እርስዎ ዘጠኝ ያሉት መሣሪያውም ዘንድ ከሁሉም ብዙ ቀለም ያለው ነው። አስተማሪዬ ካርዱን ካላየሁ ብላ አስቸግራኛለች።

አንድ ያላወቅኩትንም ነገር ተማርኩ። እናቲቱ ሽቅብ ስትወጣ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። የገዛ ሥጋዋን ቀለም እያነሣች ወደ እንቁላሏ ታሻግራለች። ስትደርስ ሥጋዋ ገርጥቶ፣ እንቁላሏ ቀልቶ ነው። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነግርዎትም።

ቁጥሩን ያየ ሁሉ ተደንቋል። አስተማሪዬ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጠይቃኛለች፤ ለወጉ ያህል ነው። የገንዳውን ሥዕል ሠርተው የትኛዋ እናት በስንተኛው ወንፊት ላይ እንደነበረች ይጻፉልኝ። ጥናቱን በሚያዝያ በፈታኞች ፊት አቀርባለሁ፤ ካለፍኩ ተመረቅኩ ማለት ነው።

ቦቱ በሌላ ጥቅል እየመጣ ነው። 44።

ቁንጫ


ጥር 15 ቀን

ለቁንጫዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ይድረስ። ቦቱ ደረሰ። እንዴት ያለ ቦት ነው! ውስጡ ፀጉር አለው። ጠዋት ሳጠልቀው ድመት የረገጥኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። ኩሬው ውስጥ ገብቼ አንድ ሰዓት ቆምኩ፣ ጠብታ አልገባም። መረብ ሰፊዋ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ስትለኝ «ምንም አልጠፋኝም፤ ደረቅ እግር ይዤ እርጥብ ውሃ ውስጥ መቆሜን እያጣጣምኩ ነው» አልኳት። ተረከዙ ላይ ያለው ጎማ ድርብ ነው። ማሰሪያውም ግሩም ነው። ሲራመዱበት እንደ ድሮ ወታደር ድምፅ ይሰጣል፤ እናትሽ ከሩቅ ሰምታ «ፖሊስ መጣ» ብላ በር ከፈተችልኝ።

የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ጎረቤት አዲስ አጥር አጥሯል፤ ጠማማ ነው፣ እሱ ግን ቀጥ ያለ ነው ይላል። አንድ ሽመላ ወጥመዱን ተላምዶ በየጠዋቱ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሥራ ሰዓት ያከብራል፣ ደመወዝ ግን አይጠይቅም። ጣሪያውን አደስነው። ደረጃውንም ቀባነው፤ ቀለሙን የመረጥኩት ከካርዱ ላይ ነው፣ አራት ቁጥር።

ስለ ገንዳው የጠየቅሽኝ ነገር፣ ገንዳ ያው ገንዳ ነው። ረጅም ነው። ውሃ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል።

ደህና ሁኚልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 12 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ። ስለ ቦት ብዙ ጽፈው ስለ ገንዳው ሁለት መስመር ጻፉልኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የእናቴን መስተዋት ሰብሬ ጓሮ ተደብቄ ነበር። እርስዎ እናቴን በር ላይ አቁመው ስለ ዝናብ፣ ስለ ድመት፣ ስለ ጎረቤት አጥር ሲያወሩላት ስብርባሪውን ጠርጌ ጨረስኩ። እርስዎ ብዙ ሲያወሩ ከኋላዎ የተሰበረ ነገር እንዳለ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ጋሼ፣ የተሰበረው ምንድን ነው? የመጣው ይምጣ፣ ብቻ ይንገሩኝ። ከሚያዝያ በፊት ባውቀው ይሻለኛል።

ቁንጫዎ


መጋቢት 1 ቀን

ለቁንጫዬ፣

መጀመሪያ ጤናሽን እመኛለሁ፣ ቀጥሎ ይቅርታሽን።

ጥያቄሽን ባነበብኩ ቀን መልሱን አውቄዋለሁ። ገንዳው ፊት ሄጄ ቆምኩ። አሥራ ሁለት ወንፊት በአንድ መስመር ተደርድሯል። ቧንቧው በአንደኛው ጫፍ ነው። አንደኛው ወንፊት ከምንጭ የመጣ፣ ቀዝቃዛ፣ አየር የሞላው ውሃ ያገኛል። ሁለተኛው የአንደኛውን ትርፍ ያገኛል። አሥራ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ውሃው አሥራ አንድ ቤት ገብቶ የወጣ ነው፤ ትንፋሽ አልቀረለትም።

ቀያዮቹን ሁልጊዜ የማስቀምጣቸው በገንዳው ራስ፣ ቧንቧው ሥር ነው። ገርጣዎቹን ወደ ጭራው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግኩ፤ ያንቺንም ሃያ አራቱን። ማንም አላዘዘኝም። ሰው ጥሩ ነገር ሲያይ ጥሩ ቦታ ይሰጣል፤ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። ቀያዮቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ «አላልኩም?» እላለሁ። ለተማሪው መልሱን በጆሮው ሹክ ብሎ፣ ልጁ ሲያልፍ «ጎበዝ ልጅ!» የሚል አስተማሪ ማለት እኔ ነኝ። እንቁላሉን ያሻለው ቀለሙ ይሁን ቦታው፣ ከእኔ ቁጥር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ከዚያ ትቆጪኛለሽ። እርሳስ ቀርጬ ሥዕሉን ሠርቼልሽ ነበር። ቀዩን ከገርጣው ደባልቄ፣ አሳምሬ። ፖስታ ውስጥም ገብቶ ነበር። መረብ ሰፊዋ አውጥታ አየችው።

«ይሄ ገንዳ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«እዚሁ ነዋ።»

«እዚህ ያለውንማ አውቀዋለሁ።»

«ልጅቷ ትመረቅ ብዬ እኮ ነው» ስላት መርፌዋን አስቀመጠች። እሷ መርፌ አስቀመጠች ማለት ነገር ከበደ ማለት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዓሣ ስታደላ ከርመህ አሁን ደግሞ ለልጅ ልትዋሽ ነው?»

ሥዕሉን ቀድጄ ለዳክዬዎቹ ጣልኩላቸው። እነሱም አልበሉትም።

እውነተኛው ሥዕል ከዚህ ጋር አለ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ለአስተማሪሽ ንገሪልኝ። ከፈለግሽ ቦቱንም እመልሳለሁ። ያጠለቅኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህም ውሸት ነው፤ በየቀኑ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 29 ቀን

ለምወድዎት ለጋሼ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያሳርፍልዎት፣ እኔ ይቅር ብያለሁና። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ሙሉ አልቅሻለሁ፤ ናሙና የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ጀርባ ቆሜ። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነብ «እነሱም አልበሉትም» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅ አመለጠኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ማበዴን እርግጠኛ ሆና ውሃ አመጣችልኝ።

ሥዕሉን ለአስተማሪዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አወለቀችና «ስህተቱን በገዛ እጁ ስሎ የሚልክ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሌላ አንድ ክረምት አብሮን ይሠራ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ምረቃዬ በአንድ ዓመት ገደማ ይዘገያል። የሚቀጥለው ክረምት ከከሸፈ ግን ሌላ ጊዜ አይሰጡኝም።

እንዲህ ያድርጉልኝ። የእያንዳንዷን እናት እንቁላል ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ በገንዳው ራስ በኩል ካሉት ስድስት ወንፊቶች በአንዱ፣ ግማሹ በጭራው በኩል ካሉት ስድስት በአንዱ ይቀመጥ። የትኛው ወንፊት ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ይወስን። ዕጣውን የሚያወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ጋሼ፣ ቂም ይዤ አይደለም፤ የእርስዎ ልብ ያለው እጅዎ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ቦቱን እንዳይመልሱ።

ቁንጫ


መስከረም 30 ቀን

ለቁንጫዬ፣

እንኳን በጤና ቆየሽልኝ፤ እኔም ቆይቻለሁ፣ በመከራ።

ዕጣው የሚወጣው ከአሮጌው የቀኝ ቦቴ ውስጥ ነበር፤ ቀዳዳው ለወረቀት ጠባብ ስለሆነ በመጨረሻ ጥቅም አገኘ። ዕጣ አውጪዋ መረብ ሰፊዋ ናት። ሹመቷን እንዴት እንደወደደችው ብታይ! ክንዷን እስከ ክርኗ ታስገባና ዓይኗን ጨፍና ታማስላለች። በሁለተኛው ዙር አንዲት ዘጠኝ ቁጥር መጣች፤ በዕድሜዬ እንደሷ ቀይ አላየሁም። ግማሿ የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው ወንፊት ላይ ወጣ።

«ቦቱን እስቲ ደግመሽ አራግፊው» አልኳት።

«እጅህን ኪስህ ክተት።»

«ምን አደረግኩ?»

«ገና ልታደርግ ነው። ክተት!»

ከተትኩ። እንቁላል ከማውጣትና ከመቁጠር በቀር ክረምቱን ሙሉ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስድስት እናቶች በአንድ ዙር፣ አራት ዙር፣ ሃያ አራት እናቶች። ውጤቱን ቁጭ ብለሽ ስሚ። በራሱ በኩል ቀያዮቹ ከመቶ ዘጠና አንድ፣ ገርጣዎቹ ዘጠና። በጭራው በኩል ቀያዮቹ አርባ ሰባት፣ ገርጣዎቹ አርባ ሁለት። የክረምቱን አንደኛ ደረጃ ያገኘችው ደግሞ ሁለት ቁጥር ናት፤ የሆስፒታል ግድግዳ የመሰለች፣ ዕጣዋ ቧንቧው ሥር የወጣላት። ከመቶው ዘጠና ስድስት! ሦስት ጊዜ ቆጠርኳት። አራተኛውን መረብ ሰፊዋ ቆጠረችልኝ።

ከዚያ ወጥቼ ኩሬው ዳር ተቀመጥኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ለዳክዬ የሰጠሁትን ማሰብ ጀምሬ ተውኩት። መረብ ሰፊዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ትፈርድብኛለች ብዬ ስጠብቅ «ከሰው ሁሉ ቀድመህ ያወቅከው አንተ ነህ» አለችኝ። ይህቺ ሴት ሊሻላት ነው መሰለኝ። ዳክዬዎቹን ግን አንድ ሳምንት ፊት ነሣኋቸው። እነሱ ምን አጠፉ?

ጠርሙሶቹን ልኬአለሁ። ጸሐፊው ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝ።

አጎትሽ


ጥር 20 ቀን

ለምወድዎት ለጋሼ፣

ፈጣሪ የምሥራች ያሰማዎት፣ እኔም ልጀምር፤ አለፍኩ!

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያውን ክረምት ቁጥር ከነስህተቱ አቀረብኩላቸው፣ ሁለተኛውንም ከጎኑ። መሣሪያው ቀዩ በእርግጥ ብዙ ቀለም እንዳለው ይላል፤ ጥሩ ውሃ ካገኘ ግን ገርጣውም እኩል ይፈለፈላል። ጭራው ላይ ያለችው የአምስት ልዩነት እውነት ትሁን አጋጣሚ ገና አናውቅም፤ እሱን ለማወቅ ሌላ ክረምት ያስፈልጋል። አንደኛው ፈታኝ «ዕጣውን ማን አወጣ?» አለኝ። «አንዲት መረብ ሰፊ፣ ከተቀደደ ቦት ውስጥ» አልኩት። እየቀለድኩ መስሎት ነበር። አሁን በጥናቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ እንዲሁ ተጽፏል፤ የቦቱ ቁጥር ሳይቀር።

በሰኔ እመጣለሁ። ክረምቱ ሳይጀምር እደርሳለሁ።

ቁንጫ


የካቲት 18 ቀን

ለሦስተኛው ምዕራፍ ባለቤት፣ ለቁንጫዬ፣

የዘራሽው ይብቀልልሽ፣ ያበቀልሽው ያጥግብሽ። ለእናትሽ ደብዳቤሽን ሳነብላት በጉልበቷ ዘለለች፤ ከዚያ ጉልበቷ ትዝ ሲላት ጮኸች። ዓሣዋ የሥጋዋን ቀለም ለእንቁላሏ ትሰጣለች ብለሽ ያኔ የጻፍሽልኝንም፣ እሷ ትዝ እንዳለችሽም ነገርኳት። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ቆይታ ግን «እናቴ ገርጥታለች ማለቷ ነው?» ብላ መስተዋት ፍለጋ ገባች።

ገንዳውን ቀየርኩት። ረጅም ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁበት፤ አሥራ ሁለት ቀዳዳ በስቼ ለእያንዳንዱ ወንፊት የራሱን ውሃ ሰጠሁት። የወጣው ውሃ በጎን ይፈስሳል፣ ወደ ጎረቤት አይገባም። እንግዲህ ገንዳው ራስ የለውም፤ ጭራም የለውም። ካርዱን ግን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ቀይ ሲመጣ ማየት ያው ደስ ይለኛል። ዳክዬዎቹ ጥራጥሬ ለምደዋል።

ስትመጪ መረብ ሰፊዋ ያወጣችው ደንብ ይጠብቅሻል። በዚህ ቤት ማንም የተለየ ቦታ አይሰጠውም፤ እንግዳ ሁሉ ከቦቱ ዕጣ አውጥቶ በደረሰው ወንበር ይቀመጣል። እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ጥግ ላይ እቆማለሁ።

አደራሽን ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ቦቱ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ሁሉ አንድ ቁጥር ናቸው። አንድ ቁጥር ወንበር ከእኔ ወንበር አጠገብ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ነው።

አጎትሽ